የዓለሙ ዕቁብ ዳኛ ማን ነው?



ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ጋራ ቡና ስንጠጣ፣ ልጁ ሲያነበው የነበረውን ጋዜጣ አጣጠፈና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። «ጠይቅ» አልሁት።

«እነዚህ ታላላቅ መንግሥታት በየጊዜው እየተሰበሰቡ ስለ ዓለም ገንዘብ ይመክራሉ፤ ተጨባብጠው ፎቶግራፍ ይነሡና ይበተናሉ። የእኔ ደመወዝ ግን ወር አላደርስ ብሎኛል። የእነርሱ ስብሰባ ለእኔ ምኔ ነው?»

ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ጥያቄ መስሎ ስለታየኝ የዛሬውን ገጽ ለመልሱ ሰጥቼዋለሁ። መልሱ ባጭሩ «ነገሩስ ያንተው ጉዳይ ነው» የሚል ነው። ልጁ የሚጠጣው ቡና ለውጭ ገበያ ሲቀርብ የሚሸጠው በዶላር ነው። ወደ ቢሮው የመጣበት አውቶቡስ የሚያቃጥለው ናፍጣ የሚገዛው በዶላር ነው። እናቱ የሚውጡት ኪኒን፣ እኅቱ የምትማርበት መጽሐፍ የታተመበት ወረቀት፣ ገበሬው አጎቱ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሁሉ በዶላር ተገዝቶ ነው። ዶላር ደግሞ በእኛ ማተሚያ ቤት አይታተምም። ሲወደድ ወይም ሲጠፋ የልጁ ደመወዝ፣ ማንም ሳይነካው፣ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይሟሟል።

እንግዲህ ዶላርን የዓለም መለኪያ ያደረገው ማን ነው? የት፣ መቼ፣ በማን ድምፅ? ሕጉስ ሊሻሻል አይችልምን? ይህን ለመረዳት ሦስት ስብሰባዎችን እንመልከት። አንዱ ከሸፈ፤ አንዱ ተሳካ፤ አንዱ ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ግን «ዓ.ም.» የሚለውን እጨምርበታለሁ።

ፊተኛው ለንደን

በጥቅምት 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በግንቦት 1931 ክሬዲታንሽታልት የተባለው የኦስትሪያ ታላቅ ባንክ ተከተለው፤ በዚያው ዓመት በመስከረም እንግሊዝ ፓውንዷን ከወርቅ አላቀቀች። ፍርሃት እንደ ሰደድ እሳት ከባንክ ወደ ባንክ፣ ከአገር ወደ አገር ተዛመተ።

መንግሥታቱ ታዲያ ምን አደረጉ? አንድ ወንዝ ተካፍለው በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎችን አስቡ። ድርቅ ሲመጣ ከላይ ያለው ለራሱ ብሎ ውሃውን ይገድባል፤ ቀጥሎ ያለው የተረፈውን ይገድባል፤ የታችኛው ማሳ ይደርቃል። ኋላ ግን የላይኛው ገበሬ በሬውን ልሽጥ ብሎ ገበያ ቢወጣ የሚገዛው አያገኝም፤ ምክንያቱም የታችኛው እህል አላገኘምና ገንዘብ የለውም። መንግሥታቱም እንዲሁ አደረጉ። አሜሪካ በ1930 የጉምሩክ ቀረጧን ከፍ አደረገች፤ ሌሎቹም አጸፋውን መለሱ። አንዱ ሸቀጡ ረክሶ እንዲሸጥለት የገንዘቡን ዋጋ ዝቅ ሲያደርግ ጎረቤቱም ዝቅ አደረገ፤ ሁሉም ዝቅ ሲሉ ማንም አልተጠቀመም። በ1933 መጀመሪያ የዓለም ንግድ ዋጋ ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው ወደ ሲሶው ወረደ። በአሜሪካ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ሆነ።

በሰኔ 1933 የ66 አገሮች መልእክተኞች ለንደን ላይ ተሰበሰቡ። ፍርሃቱ ነበር፤ ፈቃዱም ያለ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሁሉም ሊስማማበት የሚችል የተዘጋጀ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። በሐምሌ መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አሜሪካ በምንዛሪ ውል እጇን እንደማታስር የሚገልጽ መልእክት ላኩ፤ ጉባኤውም ያለ ፍሬ ተበተነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከታሪክ መጽሐፋችሁ ታውቁታላችሁ። ድህነትና ጥላቻ እየተጋገዙ ሄደው በ1939 ዓለምን ጦርነት ውስጥ ከተቷት።

ብሬተን ውድስ

ሁለተኛው ስብሰባ የተደረገው ያ ጦርነት ገና ሳያልቅ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ 22 ቀን 1944 የ44 መንግሥታት መልእክተኞች በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሺር ግዛት፣ ብሬተን ውድስ በተባለ ስፍራ በአንድ የተራራ ሆቴል ተቀመጡ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዛሬም ያሉትን ሁለት ተቋሞች ወለዱ፤ አንዱ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ባንክ ነው።

«ሦስት ሳምንት ለእንዲህ ያለ ሥራ ይበቃል ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ሥራው የተሠራው አስቀድሞ ነው። እንግሊዛዊው ሎርድ ኬይንስና በአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የነበሩት ሚስተር ሃሪ ዴክስተር ኋይት፣ ቦምብ በሚዘንብበት ዘመን፣ ከ1941 እና ከ1942 ጀምሮ በየፊናቸው እቅዳቸውን ሲጽፉ፣ ሲሰርዙ፣ እንደገና ሲጽፉ ከርመዋል። በ1933 ለንደን ላይ የታጣው ወረቀት እንዲህ ያለው ነበር።

ከ44ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከአፍሪካ የተገኙት ግብጽ፣ ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና እኛ ብቻ ነበርን። የመልእክተኞቻችን መሪ በዋሽንግተን ሚኒስትራችን የነበሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዢ የነበሩት አሜሪካዊው ሚስተር ጆርጅ ብላወርስ አብረዋቸው ነበሩ። ጊዜውን ልብ በሉት፤ 1936 ዓ.ም. ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። በገበያችን የሚዞረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። አዲሱ የራሳችን ብር የወጣው ከዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። የራሷን ብር ገና ያላወጣች አገር የዓለምን የገንዘብ ሕግ ከሚጽፉት ጋራ ተቀምጣ ነበር ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም መቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ መደመጥ ሌላ ነው። አዲሱ ድርጅት እንደ ዕቁብና እንደ ዕድር ያለ ነው ብላችሁ አስቡት። አባሎቹ መዋጮ ያዋጣሉ፤ የውጭ ምንዛሪ የቸገረው አባል ከሣጥኑ ይበደርና ኋላ ይመልሳል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በሰፈራችን ዕድር ባለ ፎቁም ሰውዬ፣ ጉሊት የምትቸረችረውም ሴት፣ ዳኛ ሲመረጥ ያላቸው ድምፅ አንድ አንድ ነው። በዓለሙ ዕድር ግን ድምፅ የሚቆጠረው በመዋጮ ነው። መዋጮውም ኮታ ይባላል።

ሒሳብ የምትወዱ ተማሪዎች እርሳስ አንሡ። በመጀመሪያው ውል እያንዳንዱ አገር 250 ድምፅ በነጻ ይሰጠው ነበር፤ ከዚያ በላይ በየ100,000 ዶላር ኮታ አንድ አንድ ድምፅ ይጨመርለታል። የአሜሪካ ኮታ 2,750 ሚሊዮን ዶላር ስለነበረ ድምፅዋ 27,750 ሆነ። የኢትዮጵያ ኮታ 6 ሚሊዮን ዶላር ስለነበረ ድምፃችን 310 ሆነ። አካፍሉት፤ የአንዷ ድምፅ የሌላዋን 90 እጥፍ ያህል ነው። አገራችን በመሥራችነት የገባችው ታኅሣሥ 18 ቀን 1938 ዓ.ም. በዚህ ሚዛን ነው።

የነጋዴው ሣጥን

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ደርሰናል። በብሬተን ውድስ የነበረው ትልቁ ክርክር ስለ ድምፅ ብቻ አልነበረም። «ሚዛን ሲዛባ ማን ይታረም?» የሚል ነበር።

በአንዲት ከተማ አንድ ብርቱ ነጋዴ አለ እንበል። ለሁሉም ይሸጣል፤ ከማንም አይገዛም። ቀስ በቀስ የከተማው ገንዘብ ሁሉ እየሄደ እርሱ ሣጥን ውስጥ ይገባል። የከተማው ሰው ዕቃ ሲፈልግ ከዚያው ነጋዴ ይበደርና ከዚያው ነጋዴ ይገዛል። ውሎ አድሮ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ያን ጊዜ ዳኛ ይጠራል። ጥፋተኛው ማን ነው? የተለመደው ፍርድ «ተበዳሪው ነው፤ ወገቡን ጠበቅ ያድርግ» የሚል ነው።

ሎርድ ኬይንስ ግን ጥፋቱ የሁለቱም ነው አሉ። ሳይገዛ ሁልጊዜ የሚሸጥ ካለ፣ ሳይሸጥ ሁልጊዜ የሚገዛ መኖሩ ግድ ነው፤ አንዱ የሌላው ጥላ ነው። ስለዚህ መንግሥታት ሁሉ ሒሳባቸውን የሚያወራርዱበት አንድ ዓለም አቀፍ ማኅበር ይቋቋም፤ የሒሳቡም መለኪያ «ባንኮር» የሚባል የማንም አገር ያልሆነ ገንዘብ ይሁን፤ ዕዳው ከልክ ያለፈበት አገር ቅጣት እንደሚከፍል ሁሉ፣ ትርፉ ከልክ ያለፈበትም አገር ይክፈል ብለው አቀረቡ። በእንዲህ ያለ ሕግ ነጋዴው ገንዘቡን ከማከማቸት ወጣ ብሎ ከጎረቤቱ አንድ ነገር ቢገዛ ይሻለዋል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ባለ ሣጥኗ አሜሪካ ነበረች። ከዓለም መንግሥታት ወርቅ አብዛኛው በእርሷ ካዝና ነበር። የገዛ ትርፉን የሚያስቀጣ ሕግ በፈቃዱ የሚፈርም ነጋዴ ከየት ይገኛል? ስለዚህ የሚስተር ኋይት እቅድ አሸነፈ። አንድ አውንስ ወርቅ 35 ዶላር እንዲሆን፣ የሌላው አገር ገንዘብ ደግሞ በዶላር እንዲተመን ተወሰነ። የእኛም ብር ሂሳቡ ተሠርቶ አንድ ዶላር 2 ብር ከ48 ሣንቲም ያህል ሆነ። ገንዘቡ እጅግ ተፈላጊ ሆኖ ከገበያ ስለሚጠፋ ባለ ትርፍ አገር የሚናገር አንድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ግን አንድም ቀን ሳይሠራበት ቀረ።

ሕጉ ለ25 ዓመት ያህል ዓለምን በደኅና አቆየ። የፈረሱት የአውሮፓ ከተሞች ተሠሩ፤ ንግድም ሰፋ። ነገር ግን ሥሩ ላይ ስንጥቅ ነበረው። በ1960 ገደማ ቤልጂየም የተወለዱት ሮበርት ትሪፊን የተባሉ የኤኮኖሚ መምህር ስንጥቁን አሳዩ። ዓለም ለንግዱ ዶላር እንዲያገኝ አሜሪካ ዶላር ወደ ውጭ ማፍሰስ አለባት፤ ብዙ ባፈሰሰች ቁጥር ግን ወረቀቱ ከወርቁ ይበልጣል፤ ሰዎችም ይጠራጠራሉ። ብትሰጥ ጉድ፣ ብትከለክል ጉድ! ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በ1969 ድርጅቱ «ልዩ የማውጣት መብት» የሚባል አዲስ መጠባበቂያ ፈጠረ። ይህ በእጅ የሚያዝ ገንዘብ ሳይሆን፣ አባል አገር ሲቸግረው በእውነተኛ ምንዛሪ የሚለውጠው የሒሳብ መብት ነው። የባንኮር የልጅ ልጅ በሉት። ግን መጠኑ ትንሽ ነበረና በሽታውን አላቆመውም።

ነሐሴ 15 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላር በወርቅ መለወጡ ቆሟል ብለው ተናገሩ። ማንንም አላማከሩም። አዲስ አበባ ያለው የባንክ ጸሐፊ ዜናውን የሰማው እንደ ማንኛውም ሰው ነው። 2 ብር ከ50 የነበረው ዶላር በዚያው ዓመት መጨረሻ 2 ብር ከ30፣ በ1973 ደግሞ 2 ብር ከ7 ሣንቲም ሆነ፤ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያም በዚሁ ቆየ። የእኛ ብር እንዲህ የወጣው በእኛ ብርታት አልነበረም፤ ሚዛኑ በባለቤቱ እጅ ስለተንቀሳቀሰ ነው።

ኋለኛው ለንደን

መስከረም 15 ቀን 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው የኒውዮርክ ታላቅ ባንክ ከሰረ፤ እንደ 1929ኙ ዘመን ፍርሃት እንደገና ከባንክ ወደ ባንክ ሮጠ። በኅዳር ወር የቡድን 20 መሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሽንግተን ላይ ተገናኙ። ሁለተኛው ስብሰባቸው ሚያዝያ 2 ቀን 2009 የተደረገው፣ ከ76 ዓመት በፊት ጉባኤ በተበተነባት በዚያችው በለንደን ነው። ከአፍሪካ የቡድኑ አባል ደቡብ አፍሪካ ብቻ ስለነበረች፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኔፓድ ሊቀ መንበርነታቸው ተጋብዘው ተገኝተው ነበር።

ይህ ስብሰባ እንደ ፊተኛው አልከሸፈም። መሪዎቹ 1 ነጥብ 1 ትሪሊዮን ዶላር ለመመደብ ቃል ገቡ፤ የገንዘብ ድርጅቱ የማበደር አቅም በሦስት እጥፍ፣ ወደ 750 ቢሊዮን ዶላር እንዲያድግ፣ 250 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ልዩ የማውጣት መብትም እንዲከፋፈል ተስማሙ። እሳቱ ጠፋ። ይህን ሥራ ማቃለል አይገባም፤ የ1930ዎቹ መከራ ሙሉ በሙሉ ያልተመለሰው መንግሥታት ወንዙን ለመገደብ ስላልተሽቀዳደሙ ነው።

ግን ቤቱ በአዲስ ተሠራ ወይ? ከስብሰባው ጥቂት ቀን በፊት፣ በመጋቢት፣ የቻይና ማዕከላዊ ባንክ ገዢ ሚስተር ዡ ሺያዎቹዋን አንድ ጽሑፍ አወጡ። የአንድ አገር ገንዘብ የዓለም መጠባበቂያ መሆኑ ለዓለም እንደማይበጅ ገልጸው፣ ልዩ የማውጣት መብት እየሰፋ ቦታውን እንዲይዝ አሳሰቡ፤ የኬይንስንም ባንኮር አነሡ። በፕሮፌሰር ጆሴፍ ስቲግሊትዝ የሚመራ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሲዮንም በዚያው ዓመት ወደዚሁ ያዘነበለ ምክር ሰጠ። ሰሚ አልተገኘም። ገበያው ተረጋግቶ፣ ፍርሃቱ ለቅቆ ነበራ!

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያስተክዝም ነገር ልንገራችሁ። በጥቅምት 2010 የቡድን 20 የገንዘብ ሚኒስትሮች በኮርያ፣ ግዮንግጁ በተባለች ከተማ ሲሰበሰቡ፣ የአሜሪካው የገንዘብ ሚኒስትር ሚስተር ቲሞቲ ጋይትነር የአገሮች የንግድ ትርፍም ሆነ ጉድለት ልክ ይበጅለት ብለው አሳሰቡ። ልብ በሉ! በ1944 አሜሪካ ባለ ሣጥን ሳለች ያልተቀበለችውን ሐሳብ፣ ባለ ዕዳ ስትሆን ራስዋ ይዛው መጣች። እምቢ ያሉት ደግሞ የዘመኑ ባለ ሣጥኖች፣ ጀርመንና ቻይና ነበሩ። እንግዲህ ሰው ሕግ የሚወደው ወይም የሚጠላው በተቀመጠበት ወንበር ልክ ነው። ወንበሩ ሲለወጥ ንግግሩም ይለወጣል።

የድምፁስ ነገር? በ2010 የድርጅቱ ኮታ በእጥፍ እንዲያድግና ከድምፁ 6 በመቶ ያህል እያደጉ ወዳሉ አገሮች እንዲዛወር ተወሰነ። ውሳኔው የአሜሪካን ምክር ቤት ፈቃድ ይጠብቅ ስለነበር የጸናው በጥር 2016 ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ አገር ደጃፍ ቆመ። ዋና ዋና ጉዳዮች እንዲያልፉ 85 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ አሜሪካ ከ16 በመቶ በላይ ስላላት እርሷ ያልወደደችው አያልፍም። በታኅሣሥ 2023 ኮታው በግማሽ እንዲጨምር ሲወሰንም ጭማሪው ለሁሉ እንደየድርሻው ስለሆነ የማንም ድርሻ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህ ድርሻ ባዶ ቁጥር አይምሰላችሁ። የኮቪድ ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ በነሐሴ 2021፣ ድርጅቱ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ልዩ የማውጣት መብት አከፋፈለ። ማከፋፈያው ችግር ሳይሆን ኮታ ስለነበረ አፍሪካ በጠቅላላው የደረሳት 33 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ከ100 አምስት ብር እንደማለት ነው። ለቅሶ ቤት የመጣው እንጀራ ሐዘንተኛውን ትቶ በቤቱ ስፋት ልክ ተከፋፈለ።

የእኛስ ነገር

አሁን ወደ ቡና ቤቱ ልጅ ልመለስ። በኅዳር 2020 ቡድን 20 ዕዳ የከበዳቸው ድሆች አገሮች ከአበዳሪዎቻቸው ጋራ የሚደራደሩበትን የጋራ ሥርዓት አወጣ። አገራችን በዚህ ሥርዓት ለመዳኘት በ2021 መጀመሪያ አመለከተች። በታኅሣሥ 2023 ለአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ ድርጅቱም 3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከመንግሥታት አበዳሪዎች ጋራ በመርሕ ደረጃ ስምምነት የተደረሰው ግን በመጋቢት 2025 ነው። ከማመልከቻው እስከ ስምምነቱ አራት ዓመት! አንድ የመንደር ዳኛ ጉዳይ አራት ዓመት ቢያቆይ ባለ ጉዳዮቹ ምን ይሉ ነበር?

ታዲያ ሁሉን በፈረንጅ ላይ ማሳበብ ደግሞ የሰነፍ ልማድ ነው። ብድሩን የፈረምነው እኛ ነን። የምንልከው ቡናና ወርቅ፣ የምናስገባው ግን የትየለሌ የሆነው በእኛው ሥራ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳይሆንብን፣ የጓዳችንን ሒሳብ ሳናስተካክል ስለ ዓለሙ ሒሳብ ብንጮኽ የሚሰማን የለም። ነገር ግን ጓዳውን ማስተካከልና ሕጉ እንዲስተካከል መጠየቅ አይጣሉም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ደግሞም እኛ እንደ ታላላቆቹ ወንበር ስንቀያይር አልኖርንም። ከ1944 እስከ ዛሬ የተቀመጥነው በተበዳሪው ወንበር ስለሆነ ጥቅማችን ያው አንድ ነው፤ ሕጉ ባለ ትርፉንም ባለ ዕዳውንም እኩል ይሰር፤ የችግር ጊዜ እርዳታም በችግር ልክ ይሰጥ።

ከሦስቱ ስብሰባዎች የምናገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። በሩን የሚከፍተው ፍርሃት ነው፤ ተከፍቶም ብዙ አይቆይም። በ1933 በሩ ተከፈተ፤ የተዘጋጀ ወረቀት አልነበረምና ተዘጋ። በ1944 ሁለት ሰዎች ወረቀታቸውን አስቀድመው ጽፈው ስለነበር በሩ ሲከፈት ይዘው ገቡ፤ የገቡትም እነርሱ ስለሆኑ ሕጉ የእነርሱን መልክ ያዘ። በ2009 ጥሩ ጥሩ ሐሳቦች የመጡት እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነበርና፣ እሳቱ ሲጠፋ አብረው ቀዘቀዙ። የእኛ አበው «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚሉት ይህን ነው።

አንዳንድ በር ግን እየተገረበበ ነው። በመስከረም 2023 የአፍሪካ ኅብረት የቡድን 20 አባል ሆነ። በኅዳር 2024 ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በገንዘብ ድርጅቱ ቦርድ ውስጥ ሦስተኛ ወንበር አገኙ። ወንበር ብቻውን አይናገርም። የሚናገረው ከተቀመጠው ሰው ኋላ ፋይል ይዞ የሚቆመው፣ አኀዙን ያጠናው፣ ረቂቁን ሌሊት የጻፈው ሰው ነው። ሚኒስትር ይናገራል፤ ንግግሩን የሚያዘጋጀው ግን ጸሐፊ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርሁት። ቡናው ቀዝቅዟል። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «310 ድምፅ ነው ያሉኝ?» አለ።

«የያኔው ነው፤ ዛሬ ቁጥሩ አድጓል። ሚዛኑ ግን ያው ነው» አልሁት።

«እንዲህ ከሆነማ ያለን መሣሪያ ነገር ማወቅ ብቻ ነው» አለኝና፣ ያጣጠፈውን ጋዜጣ ዘርግቶ ያንኑ የስብሰባ ዜና ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ። ሒሳቡን እኔ ከፈልሁ። የቡናው ዋጋ ካለፈው ወር ጨምሮ ነበር።